ያረጀ የራዲዮ ታወር ደህንነት እንዴት ይፈተሻል? ከመዝገቡ እስከ ጫፉ

ታወር ከሩቅ ሲታይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደህና ይመስላል፤ ቀዩና ነጩ ቀለም ከታደሰለት ደግሞ አዲስ ነው ያሰኛል። የሚጥሉት ነገሮች ግን ከሩቅ አይታዩም፦ መሬት ውስጥ በዝገት የተበላ አንከር (የታወሩን መወጠሪያ ገመድ መሬት ላይ የሚይዘው ብረት)፣ በየዓመቱ እየተጨመረ የሄደ አንቴና፣ ተሰርቆ ወይም ለሥራ ተፈትቶ ሳይመለስ የቀረ ቀጭን ብረት። ስለዚህ እዚህ የማቀርበው አሠራር ከወረቀት ይነሳል፣ ወደ ቁፋሮ ይሄዳል፣ ላይ መውጣትን ግን ወደ ኋላ ያቆየዋል። ብዙ ቦታ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ "አንድ ልጅ ይውጣና ይየው" ይባላል። ጤንነቱ ባልታወቀ ብረት ላይ ሰው ማውጣት የፍተሻው መጀመሪያ መሆን የለበትም።

መመሪያው ለጣቢያ ቴክኒሻኖች፣ ለማኅበረሰብ ራዲዮ ኃላፊዎችና ለጀማሪ መሐንዲሶች ነው። መለካት፣ ፎቶ ማንሳትና መመዝገብ እናንተው የምትችሉት ሥራ ነው። "ይሸከማል" ወይም "አይሸከምም" ብሎ መፈረም ግን የስትራክቸራል መሐንዲስ ድርሻ ነው። የእሱ ስሌት የሚቆመው በእናንተ ልኬት ላይ ስለሆነ፣ ያልለካችሁትን ገምታችሁ አትጻፉ።

መቼ ይፈተሻል?

በዘርፉ በሰፊው የሚሠራበት የአሜሪካ ደረጃ ቲአይኤ-222፣ በገመድ የተወጠረ ታወር ቢያንስ በ3 ዓመት አንዴ፣ በራሱ እግር የሚቆም ታወር ደግሞ በ5 ዓመት አንዴ እንዲፈተሽ ይመክራል። ይህ ለጤነኛ ታወር ነው። ላረጀ ታወር፣ ሰነዱ ለጠፋ ታወር፣ ወይም አዲስ አንቴና ሊሰቀልበት ለታሰበ ታወር ቀጠሮ አይጠበቅም። ከኃይለኛ ነፋስና ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላም እንዲሁ። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌና አካባቢው በተደጋጋሚ ሲናወጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በስምጥ ሸለቆው ዙሪያ ያለ ታወር ከዚያ ወዲህ ካልታየ መታየት አለበት።

ከወቅቶች ሁሉ ጥቅምት ይሻላል። ዝናቡ አቁሟል፣ መብረቁ ቀንሷል፣ ክረምቱ በመሠረቱ ላይ ያደረሰው ነገርም ገና ትኩስ ሆኖ ይታያል። ታወሩ የቆመው በጥቁር አፈር ላይ ከሆነ አንዴ መለካት አይበቃም። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱንም አብሮ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ዘንበል ማለቱን በጥቅምት አንዴ፣ በበጋው መጨረሻ አንዴ ለክታችሁ አነጻጽሩ።

መጀመሪያ መዝገቡ

ፈልጉ፦ የመጀመሪያውን ንድፍ፣ የተተከለበትን ዓመት፣ የብረቱን ደረጃ፣ የተነደፈበትን የነፋስ ፍጥነት፣ የአፈር ምርመራውን፣ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥገናዎችን። ንድፉ ከተገኘ በየትኛው የግንባታ ሕግ እንደተሠራ እዩ። በአገራችን ኢቢሲኤስ የሚባሉት የግንባታ ሕጎች የወጡት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ከዚያ በፊት የተተከሉት አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ያቀረበው አገር ሕግ የተከተሉ ናቸው። አሁን የሚሠራባቸው ደግሞ በአውሮፓ ሕጎች ላይ የተመሠረቱት ናቸው። ንድፉ ከሌለ እያንዳንዱን ብረት ለክቶ እንደ አዲስ መሣል ግድ ነው፤ አድካሚ ነው፣ አቋራጭ ግን የለውም።

ከዚያ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ቁጠሩ። ለእያንዳንዱ አንቴና መጠኑን፣ ከመሬት ያለውን ከፍታ፣ የዞረበትን አቅጣጫ፣ የኬብሉን ውፍረትና የባለቤቱን ስም መዝግቡ። የኬብል መሰላል፣ የመውጫ መሰላልና የሠራተኛ ማረፊያ መድረክም ነፋስ ይይዛሉ፤ እነሱም ይቆጠራሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንድን ታወር ለሁለት ኦፕሬተር መጠቀም በአገራችን የተለመደ እየሆነ ነው። መጋራቱ ወጪ ይቆጥባል፣ ደግ ነው። ነገር ግን ለአንድ ተከራይ የተነደፈ ታወር ሁለተኛውን ሲቀበል ስሌቱ እንደገና መሠራት አለበት፤ ስሌት የሌለው የኪራይ ውል መፈረም የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ በቆጠራው የሚገኘው ሌላው ነገር ማንም የማይጠቀምበት አሮጌ አንቴናና ኬብል ነው። ለብቻው ጻፉት፣ በኋላ ይጠቅመናል።

ከመሬት ሆኖ ማየት

ጥሩ የሩቅ ማያ መነጽር (ባይኖኩላር) ያዙና በየፊቱ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብላችሁ ተመልከቱ። ድሮን ካለና ፈቃዱ ከተገኘ ሥራው ይቀላል። የምትፈልጉት የጎደለ ብረት፣ የተጣመመ ብረት፣ ባዶ የቡሎን ቀዳዳ፣ ከመገጣጠሚያ የሚወርድ የዝገት ውኃ መስመር ነው።

ስለ ጎደለ ብረት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው አቅልሎ ያየዋልና። ቀጭኖቹ አግዳሚና ሰያፍ አንግል አይረኖች "ትርፍ" ይመስላሉ። ለወንበዴም የሚቀሉት እነሱ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ማማዎች ብረታቸው እየተፈታ ሲሰረቅ በአገራችን በተደጋጋሚ ሰምተናል። የእነዚህ ቀጭን ብረቶች ሥራ ግን ትልቁን እግር መሐል ላይ መያዝ ነው። ረጅም ሸንበቆን ከላይ ሲጫኑት ወገቡ ላይ ይጎብጣል፤ ወገቡን የሚይዝ ሰው ካለ ግን ያንኑ ጫና ይችላል። የታወር እግርም እንዲሁ ነው። አንድ መያዣ ወልቆ ያልተያዘው ርዝመት እጥፍ ሲሆን፣ ቀጭን እግር ሳይጎብጥ የሚችለው ጫና ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ብረቱ አልዛገም፣ አልተሰነጠቀም፣ አቅሙ ግን የለም። ስለዚህ ከታችኛው ክፍል የጎደለ አንድ ሰያፍ ብረት ካያችሁ ፍተሻውን ሳትጨርሱ ለኃላፊው አሳውቁ፤ ማንም ሰው እንዲወጣም አትፍቀዱ።

ቀጥ ብሎ መቆሙን በቴዎዶላይት ወይም በቶታል ስቴሽን (በቀያሾች የማዕዘን መለኪያ) ለኩ። 90 ዲግሪ ከተለያዩ ሁለት አቅጣጫዎች፣ ማለዳ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይሁን፤ ፀሐይ አንዱን ፊት ስታሞቀው ታወሩ ራሱ ይጎብጣልና የቀትር ልኬት ያሳስታል። እንደ መነሻ የሚያዘው ገደብ የከፍታው አንድ 400ኛ ነው፤ ለ60 ሜትር ታወር 15 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ያለፈ ሁሉ ይወድቃል ማለት አይደለም፤ ምክንያቱ መሠረት ይሁን፣ ገመድ ይሁን፣ የተጣመመ እግር ይሁን እስኪታወቅ ድረስ ግን አይታለፍም።

መሬቱና ከመሬት በታች ያለው

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ክፍል ይሁን።

ከእግሩ ጀምሩ። በመሠረቱ ዙሪያ አፈርና ሣር ተከምሮ ከሆነ አጽዱ፤ የእግሩ ብረት አፈር መንካት የለበትም። ኮንክሪቱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጉ፣ ጠንካራ ድምፅ ካለው ቦታ ወደ ባዶ ድምፅ ሲለወጥ ምልክት አድርጉበት። በመሠረት ቡሎኖቹ መስመር የሚሄድ ስንጥቅ ወይም ቡናማ ውኃ የሚያወጣ ስንጥቅ ውስጡ ያለው ብረት መዛጉን ይነግራል። በእግሩ ሰሌዳና በኮንክሪቱ መካከል የተሞላው ስሚንቶ ውኃ የሚቋጥር ከሆነ ቡሎኖቹ የሚበሉት እዚያው ከሰሌዳው ሥር፣ ከዳዶው በታች ነው፤ ዳዶው ንጹሕ ሆኖ ከሥሩ ያለው ቡሎን ግማሽ ሊሆን ይችላል። እግሩ ቱቦ ከሆነ ከታች ያለችውን የውኃ መውጫ ቀዳዳ ፈልጋችሁ ክፈቷት። ተደፍና ከቆየች ውስጡ ውኃ አለ፤ ቱቦ ደግሞ ከውስጥ ሲዛግ ላዩ ቀለም እንደተቀባ ይቆያል። የቱቦውን ውፍረት በአልትራሳውንድ መለኪያ ከሥሩ ጀምራችሁ በየጥቂቱ ለኩ። መሣሪያው በኪስ የሚያዝ ነው፣ ለቀናት መከራየትም ይቻላል።

በገመድ የተወጠረ ታወር ከሆነ ዋናው ጉዳይ አንከሩ ነው። ገመዱ ይታያል፣ ይቀባል፣ ይለካል፤ ገመዱን የሚይዘው የብረት ዘንግ ግን ወደ መሬት ገብቶ ይጠፋል። አንድ አንከር ከተበጠሰ ታወሩ ይወድቃል፤ ሌላ የሚተካው የለም። ዘንጉ ቶሎ የሚበላበት የታወቀ ምክንያት አለ። የመብረቅ መከላከያው የመዳብ ሽቦ ዚንክ ከተለበጠው አንከር ጋር ይታሰራል፤ ሁለቱ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሠራሉ። መጀመሪያ ዚንኩ ያልቃል፣ ከዚያ ብረቱ ይበላል፣ መዳቡ ምንም አይሆንም። ላዩ ላይ ያለው ብረት አዲስ መስሎ ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች ቀጥኖ ሊገኝ ይችላል።

ለማየት መቆፈር ያስፈልጋል። አቆፋፈሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አንከሩን የያዘው ያው የምትቆፍሩት አፈር ነውና፦

1. በደረቅ ወቅት፣ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ በአንድ ጊዜ አንድ አንከር ብቻ ክፈቱ። ያንን ደፍናችሁ ጠቅጥቃችሁ ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትሂዱ።
2. በእጅ ቆፍሩ፣ በማሽን አይሆንም። ጉድጓዱ ጠባብ ሆኖ ዘንጉን ብቻ ይከተል፤ ከፊት ለፊቱ ያለውን ሰፊ አፈር አትንኩ።
3. የመጀመሪያው ግማሽ ሜትር ብዙ ይናገራል። ከዚያ በታች ለመውረድ የመሐንዲስ ፈቃድና ገመዱን የሚይዝ ጊዜያዊ አንከር ያስፈልጋል።
4. ዘንጉን በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ በጣም የቀጠነበትን ቦታ በካሊፐር ለኩ፣ ከሜትር ጋር ፎቶ አንሱት።

ቁጥሩን አታቃልሉ። 40 ሚሊ ሜትር የነበረ ዘንግ 34 ከሆነ "6 ሚሊ ብቻ ነው የጎደለው" አትበሉ፤ አቅሙ የሚሄደው በስፋቱ ስለሆነ የጠፋው 28 በመቶ ነው። በዚህ ደረጃ ያለ አንከር መሐንዲስ ሳያየው ክረምት መግባት የለበትም።

ገመዱና ውጥረቱ

ገመዱን ከአንከሩ ጀምራችሁ እይታ እስከሚደርስ ተከተሉ፦ የተበጠሰ ክር፣ የጠቆረ ዝገት፣ የተቆለመመ ቦታ። ጫፉ በዩ-ቦልት ክሊፖች ከታሰረ አቀማመጡን አረጋግጡ፤ ሰፊው ኮርቻ ጭነት በሚሸከመው ገመድ ላይ፣ ዩ-ው በተመለሰው ጫፍ ላይ መሆን አለበት። ተገልብጦ የታሰረ ክሊፕ የሚሸከመውን ክር እየጨፈለቀ ያዳክማል። የመወጠሪያው ተርንባክልም በራሱ እንዳይዞር የመቆለፊያ ሽቦ ሊኖረው ይገባል።

ውጥረቱ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ገመዱ ከሚበጠስበት ኃይል 10 በመቶ አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ንድፉ ላይ አለ። ዳይናሞሜትር (የውጥረት መለኪያ) ካላገኛችሁ በሰዓት መለካት ትችላላችሁ። አንከሩ አጠገብ ገመዱን በእጅ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት፤ ምቱ ወደ ላይ ሄዶ ሲመለስ እጃችሁ ላይ ይሰማል። 10 ጊዜ እስኪመለስ የፈጀውን ሰከንድ ያዙ። ስሌቱ ይህ ነው፦ የአንድ ሜትር ገመድ ክብደት በኪሎ ግራም፣ ሲባዛ በ4፣ ሲባዛ በርዝመቱ ካሬ፣ ሲባዛ በምላሹ ቁጥር ካሬ፣ ሲካፈል ለሰከንዱ ካሬ። መልሱ በኒውተን ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ገመድ በሜትር 0.77 ኪሎ ይመዝናል፣ የሚበጠሰውም 120 ኪሎ ኒውተን ገደማ ላይ ነው። ርዝመቱ 80 ሜትር ሆኖ 10ሩ ምላሽ 12.8 ሰከንድ ከፈጀ ውጥረቱ 12 ኪሎ ኒውተን ነው፣ 10 በመቶ፣ ጥሩ። 16 ሰከንድ ከፈጀ ግን 7.7 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ላልቷል። በአንድ ደረጃ ያሉት ገመዶች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ ከላላ፣ ከማጥበቃችሁ በፊት ለምን እንደላላ ጠይቁ፤ አንከሩ እየተነቀለ ሊሆን ይችላል፣ ማጥበቅ ደግሞ ያፋጥነዋል።

መውጣት

እስካሁን ያገኛችሁት ነገር ካላሳሰበ ብቻ ሰው ይወጣል። ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች፣ ሙሉ የደህንነት ቀበቶ፣ ሁለት መንጠቆ፤ አንዱ ሲነቀል ሌላው ተይዞ መቆየት አለበት። ቀበቶ ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን የሳተ ሰው ቶሎ ካልወረደ ይሞታልና፣ የማውረጃ ገመዱና የሚያወርደው ሰው ከመውጣት በፊት ዝግጁ ይሁኑ።

የራዲዮ ጨረር አይታይም። የኤፍኤም ሞገድ የሰው አካል በጣም በሚቀበለው የድግግሞሽ ክልል ውስጥ ነው፤ ዓለም አቀፉ የሠራተኛ ገደብ በዚህ ክልል 10 ዋት በካሬ ሜትር ነው፣ በሚሠራ አንቴና አጠገብ በቀላሉ ይታለፋል። ማሰራጫው ይጥፋ ወይም ኃይሉ ይቀነስ፣ ቁልፉም በሚወጣው ሰው ኪስ ይሁን። መካከለኛ ሞገድ ላይ ደግሞ ታወሩ ራሱ አንቴና ነው፤ በሸክላ ኢንሱሌተር ላይ ስለቆመ መሬት ላይ ያለ ሰው ቢነካው ያቃጥለዋል። ሳይጠፋና መሬት ላይ ሳይታሰር አይነካም። ያን ኢንሱሌተርም በአጉሊ መነጽር ለስንጥቅ መርምሩት። ንብ መኖሩንም ከታች ሆናችሁ አረጋግጡ፤ ታወር ላይ የሰፈረ ንብ 40 ሜትር ከፍታ ላይ ያለን ሰው መሸሻ ያሳጣዋል።

የወጣው ሰው ከላይ ወደ ታች እየወረደ በየመገጣጠሚያው ቡሎኖቹን ያያል፦ ዳዶው አለ ወይ፣ ሮንዴላው አለ ወይ፣ ጥርሱ ከዳዶው ያለፈ ነው ወይ፣ ራሱ ላይ የተጻፈው የጥንካሬ ደረጃ 8.8 ነው ወይስ ከሱቅ የተገዛ ደካማ ምትክ? በተገጣጠሙ ሁለት ብረቶች መካከል ዝገት አብጦ ከከፈታቸው፣ በብየዳ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ፣ ከቁመቱ ልክ ጋር ፎቶ ይነሳል። የዛገ ቡሎን እዚያው ላይ በጉልበት አይጠበቅም፤ ሊቆረጥ ይችላል። ቀለም መቀባትም ከፍተሻው በኋላ ነው። ከፍተሻ በፊት የተቀባ አንቲረስት ማስረጃ ይሸፍናል።

ስሌቱ

መሐንዲሱ ታወሩን በሶፍትዌር ሞዴል አድርጎ የእያንዳንዱን ብረት ጫናና አቅም ያወዳድራል፤ የተለካው የቀጠነው ውፍረት እንጂ የንድፉ ውፍረት መግባት የለበትም። በአገራችን በ1995ቱ ኢቢሲኤስ-1 መሠረታዊው የነፋስ ፍጥነት 22 ሜትር በሰከንድ ነበር። የአየሩ ክብደት ከከፍታ ጋር ይቀንሳል፤ ያው ሕግ ለባሕር ጠለል 1.20 ኪሎ በኪዩቢክ ሜትር፣ ለ2,000 ሜትር 0.94 አስቀምጦ ነበር። ስለዚህ ያው ነፋስ አዲስ አበባ ላይ ከቆላው ያነሰ ይገፋል። ይህን ግን እንደ ቅናሽ አትቁጠሩት፤ ጣቢያዎቻችን የሚተከሉት በተራራ ጫፍ ነው፣ ተራራ ጫፍ ላይ ነፋስ ይፈጥናል። ጫናው ደግሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፦ ነፋሱ በ20 በመቶ ቢፈጥን ጫናው በ44 በመቶ ይጨምራል።

አንድ ዲሽ ምን እንደሚያመጣ በግምት እንይ። 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ 40 ሜትር ላይ ተሰቅሎ በሰከንድ 35 ሜትር የሚሄድ ነፋስ ቢመታው፣ በደጋ አየር ወደ 850 ኒውተን ይገፋል። ይህ በ40 ሜትር ሲባዛ መሠረቱ ላይ 34 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። እግሮቹ በ4 ሜትር ለተራራቁ ባለ አራት እግር ታወር፣ ነፋስ በማይመታቸው ሁለት እግሮች ላይ በእያንዳንዱ ከ4 ኪሎ ኒውተን በላይ ተጨማሪ ጫና፣ በሌሎቹ ሁለት ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ላይ መንቀል ማለት ነው። አንድ ዲሽ ነው ይህ። ስድስት ዲሽና ዘጠኝ ፓነል አንቴና ሲሆን መሠረቱ መጀመሪያ የተነደፈለትን አልፎ ሊሆን ይችላል።

ውሳኔና ጥገና

አቅም ካነሰ የመጀመሪያው መፍትሔ ብረት መጨመር ሳይሆን ጭነት መቀነስ ነው። ለብቻው የጻፋችሁት የማይሠራ አንቴናና ኬብል ይውረድ። ርካሹና ፈጣኑ ማጠናከሪያ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይበቃል። ያ ካልበቃ ወደ ብረት ማጠናከርና አንከር መቀየር ይኬዳል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ፦ ያረጀ ታወር በጣም የሚያሰጋው ሲጠገን ነው። በዓለም ረጅሙ የነበረው፣ 646 ሜትር ከፍታ ያለው የፖላንድ ኮንስታንቲኑፍ ማማ እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 1991 የወደቀው ገመዶቹ እየተቀየሩ ሳለ ነው። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ክላርክስበርግ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ሰያፍ ብረቶችን ለማጠናከር ሲፈታ የነበረ ታወር ጊዜያዊ መደገፊያ ስላልተደረገለት ወደቀ፤ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ፤ አጠገቡ ያለው ሌላ ታወር ተከትሎ ሲወድቅ ለእርዳታ የመጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ገደለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ቴክሳስ ሚዙሪ ሲቲ ላይ ደግሞ አንቴና ሲሰቀል የመያዣው ቡሎኖች ተበጠሱና ታወሩ ሲወድቅ አምስት ሠራተኞች አለቁ።

ስለዚህ ማንኛውም ብረት ከመፈታቱ በፊት በጽሑፍ የተቀመጠ የአሠራር ቅደም ተከተል ይኑር፦ የትኛው ብረት ይፈታል፣ እስኪተካ ድረስ በምን ይደገፋል፣ በምን ያህል ነፋስ ሥራው ይቆማል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ብረት በላይ አይፈታ። የታወሩን ቁመት በሚያህል ዙሪያ ከሠራተኛ በቀር ሰው አይቁም፤ ጥበቃው ቤትና ጀነሬተሩ በዚህ ዙሪያ ውስጥ ከሆኑ ሥራው እስኪያልቅ ሰው አይደርባቸው።

ሪፖርቱ አጭር ይሁን፣ ነገር ግን አምስት ነገር ይዞ ይውጣ፦ የልኬቱ ሠንጠረዥ ከቀንና ከሰዓት ጋር፣ ቁጥር የተሰጣቸው ፎቶዎች፣ የአንቴና ዝርዝር፣ የመሐንዲሱ ፊርማ ያለበት ስሌት፣ እንዲሁም ዛሬ፣ ከክረምት በፊትና በዓመቱ ውስጥ የሚሠራው ተለይቶ የተጻፈበት ገጽ። አንድ ቅጂ ጣቢያው ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው በታወሩ ላይ አንቴና ላለው ለእያንዳንዱ ተከራይ በፊርማ ይሰጥ።